ለአባቴ 140 ካሴቶች ስንት ጊጋባይት ያለው የሙዚቃ ማጫወቻ ይበቃል?

የደሴ_ልጅ፦

ጤና ይስጥልኝ። ደሴ ለሚኖሩት አባቴ ትንሽ የሙዚቃ ማጫወቻ ልገዛላቸው ፈልጌ፣ የሚሞሪውን መጠን መወሰን ስላቃተኝ ምክራችሁን ልጠይቅ መጣሁ። አባቴ 72 ዓመታቸው ነው፤ የስልክ መስታወት በጣት እያንሸራተቱ ዘፈን መፈለግ አይሆንላቸውም፤ የሚፈልጉት የሚጫን ቁልፍ ያለው፣ በደረት ኪስ የሚገባ፣ ሲከፈት ትናንት ካቆመበት የሚቀጥል ዕቃ ነው። በጫማ ካርቶን ተደርድረው የተቀመጡ 140 ካሴቶች አሏቸው። ቴፑ ከተበላሸ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ ከዚያ ወዲህ ካሴቶቹን አልፎ አልፎ አውጥተው አቧራቸውን ጠርገው መልሰው ያስቀምጧቸዋል እንጂ አልሰሟቸውም። እኔ አሁን የተውሶ ቴፕ አግኝቼ አንድ በአንድ ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ ጀምሬአለሁ።

ያየሁት ማጫወቻ ባለ 8 ጊጋባይት ነው። ማሸጊያው ላይ 2,000 ዘፈን እንደሚይዝ ተጽፏል። አንድ ካሴት በአማካይ አሥር ዘፈን አለው ብዬ ሳሰላ 1,400 ዘፈን ብቻ ስለሚመጣ፣ ቦታ እንኳ የሚተርፍ መሰለኝ። የሥራ ባልደረባዬ ግን 128 ጊጋ ካልሆነ እንዳልገዛ አጥብቃ መክራኛለች፤ የዋጋው ልዩነት ደግሞ ለእኔ ቀላል አይደለም። ከዘፈኖቹ ሌላ አባቴ የሚወዷቸው ስብከቶች አሉ፤ እነርሱም ቢገቡላቸው ደስ ይለኛል። የትኛው ይሻላል ትላላችሁ?

ሒሳብ_በደቂቃ፦

እህቴ፣ ያሳሳተዎት ማሸጊያው ነው። ማጫወቻ የሚያውቀው ደቂቃን እንጂ ዘፈንን አይደለም። «2,000 ዘፈን» የሚለው ቁጥር የሚገኘው፣ አንዱ ዘፈን አራት ደቂቃ ነው፣ የተጨመቀውም በሰከንድ 128 ኪሎቢት (ለአንድ ሰከንድ ድምፅ የሚሰጠው የመረጃ መጠን) ነው ተብሎ ሲታሰብ ነው። እንዲህ ያለው ዘፈን 3.84 ሜጋባይት ስለሚሆን፣ 8 ጊጋባይት ለእርሱ ሲካፈል 2,083 ይመጣል። ልማዱም የቆየ ነው፦ አፕል በ2001 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን አይፖድ በ5 ጊጋባይት ሲያወጣ 1,000 ዘፈን ይይዛል ብሎ አስተዋውቆታል፤ በኋላ የመጣው ባለ 160 ጊጋባይቱ አይፖድ ደግሞ 40,000 ዘፈን ይይዛል የተባለው በዚሁ በአራት ደቂቃና በ128 ኪሎቢት ስሌት ነበር።

የእኛ ዘፈን ግን በአራት ደቂቃ የሚያልቀው ስንቱ ነው? መግቢያው፣ በስንኞቹ መካከል የሚገባው የሳክስፎን ወይም የክራር ጨዋታ፣ መጨረሻ ላይ የሚደጋገመው አዝማች ተደምሮ ስድስትና ሰባት ደቂቃ የሚሄደው ብዙ ነው፤ ትዝታ ሲሆንማ ከዚያም ያልፋል። ስለዚህ የአባትዎን 1,400 ዘፈን በስድስት ደቂቃ ቢያባዙት 8,400 ደቂቃ፣ ማለትም 140 ሰዓት ይሆናል። በ128 ኪሎቢት የተጨመቀ አንድ ሰዓት ድምፅ 57.6 ሜጋባይት ስለሚወስድ፣ ጠቅላላው 8.06 ጊጋባይት ይመጣል። እንግዲህ 2,000 ዘፈን ይይዛል የተባለው ዕቃ የአባትዎን 1,400 ዘፈን አይችላቸውም ማለት ነው።

በዚያ ላይ ስምንቱም ጊጋባይት ለሙዚቃ አይውልም። አምራቾች አንድ ጊጋባይትን አንድ ቢሊዮን ባይት ብለው ሲቆጥሩ ዊንዶውስ በ1,024 እያባዛ ስለሚቆጥር፣ ባለ 8 የተባለው ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ 7.45 ብቻ ያሳያል። ይህ የአቆጣጠር ልዩነት ስለሆነ የጎደለ ነገር የለም፤ የማጫወቻው የራሱ ፕሮግራም የሚይዘው ቦታ ግን በእርግጥ ከሙዚቃው ላይ የሚቀነስ ነው።

ጭመቃው ላላ ሲል ደግሞ ቦታው በዚያው ልክ ይጨምራል፦ እነዚሁ 140 ሰዓታት በ192 ኪሎቢት 12.1 ጊጋባይት፣ በ320 ኪሎቢት ደግሞ 20.2 ጊጋባይት ይፈልጋሉ። ስለ 128 ጊጋው ከመናገሬ በፊት ሁለት ነገር ይንገሩን፦ የገለበጧቸው ካሴቶች በትክክል ስንት ስንት ደቂቃ ሆኑ? በምን ዓይነት ፋይልስ ነው የሚያስቀምጧቸው?

ባለ_ቴፑ፦

ካሴት መገልበጥ ለብዙ ዓመታት የእንጀራዬ ምንጭ ስለሆነ፣ ከወንድማችን ስሌት ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የካሴት ስብስብ ያለው ሰው ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን አንድ ላይ ይቀላቅላል። አንደኛው ጥያቄ ለልጅ ልጅ የሚቀመጠው ቅጂ ስንት ቦታ ይፈልጋል የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው በኪስ የሚያዘው ቅጂ ስንት ይፈልጋል የሚለው ነው። መልሳቸው በጣም የተራራቀ ነው።

ለማስቀመጫ የሚሆነው ያልተጨመቀ ዌቭ ወይም ድምፁን ሳይነካ የሚጨምቅ ፍላክ ነው። በሲዲ ጥራት የተቀዳ ዌቭ በሰዓት 635 ሜጋባይት ይወስዳል፤ 140 ሰዓት ወደ 89 ጊጋባይት ይጠጋል ማለት ነው። ፍላክ ይህንን ብዙ ጊዜ ወደ ግማሽ ገደማ ያወርደዋል፤ የካሴት ሹክሹክታ (ከዘፈኑ ሥር የሚሰማው ሽሽታ) ግን ሥርዓት የሌለው ድምፅ በመሆኑ በደንብ አይጨመቅም፤ ስለዚህ ያረጀ ካሴት ሲገለበጥ ፍላኩ ከንጹሕ ሲዲ ይልቅ ይከብዳል። ለእርስዎ ስብስብ 55 ጊጋባይት ገደማ ብለው ይያዙ። ይህ ቅጂ ቦታው ቤት ያለ ሃርድ ዲስክ ነው፤ አባትዎ ኪስ ውስጥ የሚገባበት ምክንያት የለም።

በኪስ ለሚያዘው ኤምፒስሪ ይበቃል፤ 128 ኪሎቢትን ግን አልመክርም። ብዙ ሰው ካሴት ቀድሞውንም ጥራቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ዝቅተኛው ጭመቃ ይበቃዋል ብሎ ያስባል። በእርግጥ አንድ ወገኑ እውነት ነው፤ ብዙ ጊዜ የተሰማ ካሴት በጣም ቀጫጭን ድምፆቹ ተሸርሽረው ስለሚያልቁ፣ ጭመቃው ከ16 ኪሎኸርዝ በላይ ያለውን ቢቆርጥ የሚጎድል ነገር የለም። ሹክሹክታው ግን ጭመቃውን ያስቸግረዋል። ያለው ቢት ሹክሹክታውን ለመግለጽ ሲሟጠጥ፣ ከሥር ያለው ድምፅ ውኃ ውስጥ እንዳለ ሰው መወዛወዝ ይጀምራል። ይህንን ለመስማት ከፈለጉ ጭብጨባ ያለበትን ዘፈን ይምረጡ፤ አንድ እስክስታ የሚመታበትን ክፍል በ128 እና በ192 ጨምቀው በጆሮ ማዳመጫ ቢያወዳድሩ፣ በመጀመሪያው እያንዳንዱ ጭብጨባ ጫፉ ደንዝዞ እንደ ወረቀት ኩርሽምሽምታ ሲሰማ፣ በሁለተኛው መዳፍ ከመዳፍ ሲገጥም ይሰማል። የማሲንቆ ጭራ ክሩን ሲይዘው ያለው ሻካራ ድምፅም እንደዚሁ ነው። ስለዚህ ለኪስ 192 ኪሎቢት ይሁንልዎት።

ጥራት_ወዳድ፦

ከባለ ቴፑ ጋር በከፊል አልስማማም። ዛሬ ሚሞሪ ካርድ እንደ ድሮው ውድ አይደለም፤ 128 ጊጋባይት ካርድ የሚቀበል ማጫወቻ ተገዝቶ ፍላኩ እንዳለ ቢገባ፣ ሁለት ጊዜ የመጨመቅ ሥራ ይቀራል፤ ነገ ደግሞ የተሻለ ጆሮ ማዳመጫ ቢመጣ የሚያስቆጭ ነገር አይኖርም። አባት ሆነው ሳለ ለምን ዝቅተኛው ይድረሳቸው?

ባለ_ቴፑ፦

ለአባት የተሻለው ይድረስ የሚለውን ሐሳብዎን ሙሉ በሙሉ እጋራለሁ፤ ጥያቄው የተሻለው የትኛው ነው የሚለው ነው። ርካሽ ከሆኑት ባለ ቁልፍ ማጫወቻዎች ውስጥ ፍላክ የማይከፍቱ አሉ፤ የሚከፍቱትም ቢሆኑ በትልልቅ ፋይሎች የተሞላ ካርድ በገባ ቁጥር ዝርዝሩን እስኪያነቡ ድረስ ባለቤቱን ያስጠብቃሉ። ከካሴት የተገለበጠን ድምፅ በ192 እና በፍላክ ለደንበኞቼ ሳልነግር አሰምቻቸዋለሁ፤ በኪስ ማጫወቻ ላይ ለይቶ የነገረኝ አላገኘሁም። ከሲዲ የተቀዳ ሙዚቃ ያለው፣ ጥሩ ማዳመጫ የገዛና ጸጥ ባለ ክፍል የሚሰማ ሰው ቢጠይቀኝ ግን ምክሬ የእርስዎ ይሆን ነበር፤ ያን ጊዜ በሰዓት 350 ሜጋባይት ገደማ ይዞ ማስላት ነው።

ጋላፊ_መንገድ፦

እኔ የከባድ መኪና ሾፌር ነኝ፤ ከጅቡቲ ወደብ አዲስ አበባ ስመላለስ ከእኔ ጋር የሚያድረው ሙዚቃ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት 64 ጊጋ ሚሞሪ በአንድ ሱቅ ሙሉውን አስጭኜ ነበር። ቤት ገብቼ ልጄ በኮምፒውተር ስትከፍተው አንዱ ዘፈን በሦስት የተለያየ ስም ሦስት ጊዜ ተጭኖ አገኘችው፤ ግማሽ ላይ የሚቋረጥም ነበረበት፤ የማላውቀው ቋንቋ ዘፈንም ሞልቶበታል። ድግግሞሹንና የማይሠራውን ስታወጣ የቀረው 20 ጊጋ አልሞላም። ስለዚህ የሰውን ፍላጎት የተጫነለት ሚሞሪ መጠን አይነግርም፤ ሰውየው በእርግጥ የሚሰማውን መቁጠር ያስፈልጋል።

ሌላው መታሰብ ያለበት ቁልፉ ነው። ባለ ቁልፍ ማጫወቻ ላይ 1,400ኛው ዘፈን ጋ ለመድረስ ስንት ጊዜ መጫን እንደሚያስፈልግ አስቡት። እኔ ፎልደሮቹን ከሃያ አላስበልጥም፤ በእያንዳንዱ ውስጥም ከስልሳ ዘፈን በላይ አላስገባም። ለሽማግሌ አባት ደግሞ ይህ ከጊጋባይቱ ሁሉ ይበልጣል ባይ ነኝ። ማጫወቻውን ከመግዛትዎ በፊት አንድ ፎልደር በአማርኛ ስም ሰይመው ይሞክሩት፤ አንዳንዱ ዕቃ የግዕዝ ፊደል ስለማያውቅ በስሙ ምትክ ባዶ ሳጥን ይደረድራል። እንደዚያ ከሆነ ስሞቹን በላቲን ፊደል መጻፍ፣ ከፊታቸውም 01፣ 02 እያሉ ቁጥር ማድረግ ግድ ይሆናል፤ አለበለዚያ ቅደም ተከተሉ ሁሉ ይዘበራረቃል።

የደሴ_ልጅ፦

ስለ ፊደሉ የተነገረው በጣም ጠቅሞኛል፤ ፈጽሞ አላሰብኩበትም ነበር። ካሴቶቹን እስካሁን በዌቭ ነው የቀዳኋቸው። ርዝመታቸውን ዛሬ ማታ ቁጭ ብዬ እቆጥራለሁ። አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ስብከቶቹም በ192 መሆን አለባቸው?

ሒሳብ_በደቂቃ፦

አያስፈልጋቸውም። ስብከት የአንድ ሰው ንግግር ስለሆነ በአንድ መስመር፣ ማለትም በሞኖ፣ በ64 ኪሎቢት ጥርት ብሎ ይሰማል፤ በሰዓትም 28.8 ሜጋባይት ብቻ ይወስዳል። አንድ ጊጋባይት ውስጥ ከ34 ሰዓት በላይ ስብከት ይገባል ማለት ነው። መሐል ላይ መዝሙር ወይም ከበሮና ጽናጽል የሚገባበት ከሆነ ግን ያንን ክፍል ለይተው እንደ ሙዚቃው ያድርጉት።

ከሪያድ_እኅታችሁ፦

እስካሁን ሁላችሁም የመዘናችሁት ሰውየው ስንት ሰዓት ሙዚቃ እንዳለው ነው፤ እኔ ከኑሮዬ ተነሥቼ ሌላ መለኪያ ላቅርብ። ሰው ቤት የምሠራ ሴት ነኝ። ኢንተርኔት በፈለግሁት ሰዓት አላገኝም፤ ኮምፒውተርም የለኝም፤ አገር ቤት የምገባው በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ነው። ማጫወቻዬ የሚሞላው ያን ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ የምይዘው ሁለት ዓመት ሙሉ ሳይሰለቸኝ ሊያቆየኝ ይገባል። መጀመሪያ የመጣሁ ጊዜ ባለ 4 ጊጋ ይዤ ነበር፤ በስድስተኛው ወር እያንዳንዱ ዘፈን ከማለቁ በፊት ቀጥሎ የሚመጣውን አውቀው ነበር፤ ያን ያህል የሚደጋገም ነገር በብቸኝነት ላይ ሲጨመር ይከብዳል። ሁለተኛ ጊዜ 64 ጊጋ ይዤ መጣሁ፤ ዘፈኑም፣ መዝሙሩም፣ ትረካውም፣ እናቴ በስልክ ቀድታ የላከችልኝ ምክርም ገብቶበታል፤ ብዙ ነው ብዬ ያዘንኩበት ቀን የለም።

ስለዚህ እህቴ፣ ራስሽን ጠይቂ፦ ለአባታችን ሚሞሪውን እንደገና የሚሞላላቸው ማን ነው? በየስንት ጊዜው? አንቺ በየወሩ የምትሄጂ ከሆነ ትንሹ ይበቃቸዋል፤ በዓመት አንድ ጊዜ የምትደርሺ ከሆነ ግን የማይሰሙት የሚመስልሽንም ጨምሪላቸው፤ ያንን የሚፈልጉበት ቀን አይታወቅም።

ሒሳብ_በደቂቃ፦

ይህ የእህታችን መለኪያ ከእኔ ስሌት የቀደመ መሆን ነበረበት። መጀመሪያ የሚጠየቀው በሁለት መሙያ መካከል ያለው ጊዜ ነው፤ የእኔ ማባዛት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በቀን ሦስት ሰዓት የሚሰማ ሰው 140 ሰዓቱን በ47 ቀን ይጨርሳል፤ የሚወደውን ካሴት ደጋግሞ የሚሰማ አባት ግን ዓመቱንም በዚያው ሊያሳልፍ ይችላል።

የተቃጠለ_ካርድ፦

ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሚሞሪ ካርድ ለብቻው ልትገዙ ከሆነ ይህን አንብቡ። ባለፈው ዓመት ከአንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ 512 ጊጋ የተጻፈበት ካርድ በጣም ረክሶ አግኝቼ ገዛሁ። ኮምፒውተሩም 512 መሆኑን አሳየኝ፤ የሟች ወንድሜ ሠርግ ላይ የተቀዳውን ድምፅ ጨምሮ ያለኝን ሁሉ ገለበጥኩበት፤ ያለ አንዳች ስህተት ጨረሰ። ዘፈኖቹን ስከፍታቸው የመጀመሪያዎቹ ይጫወታሉ፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ስማቸው አለ፣ መጠናቸውም አለ፣ ድምፃቸው ግን የለም። ኋላ እንደተረዳሁት፣ እንዲህ ያለ ካርድ ውስጡ ያለው ትንሽ ሚሞሪ ሲሆን፣ መቆጣጠሪያው ግን ትልቅ ነኝ ብሎ እንዲናገር ተደርጎ ነው የሚሠራው፤ ከአቅሙ በላይ የተጻፈው ወይ ይጠፋል ወይ የቀደመውን ይደመስሳል። የሠርጉ ድምፅ ኮምፒውተሬ ላይ ስለነበረ ተረፈልኝ፤ ካርዱን አምኜ ደምስሼው ቢሆን ኖሮ ግን ዛሬ አልነበረም።

ካርድ ሲገዛ መጀመሪያ እስከ አፉ መሙላትና መልሶ ማንበብ ያስፈልጋል። ኤች ቱ ቴስት ደብሊው የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ይህንኑ ሥራ በዊንዶውስ ላይ ይሠራል፤ ለትልቅ ካርድ ሰዓታት ሊወስድ ስለሚችል ማታ ትቶት መተኛት ነው። የማጫወቻውንም ወሰን እዩ፦ እስከ 32 ጊጋባይት ያሉት ካርዶች ብዙ ጊዜ የሚዘጋጁት ፋት 32 በሚባለው አደራደር ሲሆን፣ ከ64 ጀምሮ ያሉት ኤክስፋት በሚባለው ነው፤ የቆየ ወይም ርካሽ ማጫወቻ ሁለተኛውን ላያነበው ይችላል።

ባለ_ቴፑ፦

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ነፍሱን ይማርልዎ። ካርድ የማስቀመጫ ዕቃ አለመሆኑን እኔም ለሰዎች ሁሉ እናገራለሁ፤ እውነተኛው ካርድ እንኳ ለዓመታት ኤሌክትሪክ ሳያገኝ መሳቢያ ውስጥ ቢቀመጥ የያዘውን እየረሳ ሊሄድ ይችላል።

የደሴ_ልጅ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የከሪያድ እኅቴን ቃል ሳነብ አባቴን አሰብኩና ትንሽ ቆሜ ነው የቀጠልኩት።

ቆጠራዬን ጨርሻለሁ። እስካሁን የገለበጥኳቸው 31 ካሴቶች በአማካይ 52 ደቂቃ ናቸው፤ የስድሳ ደቂቃ ካሴት ቢሆኑም ብዙዎቹ በሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ ባዶ ይሄዳሉ። በዚህ ስሌት 140ዎቹ 121 ሰዓት ይሆናሉ፤ በ192 ኪሎቢት ደግሞ 10.5 ጊጋባይት ይፈልጋሉ። ስብከቶቹ 180 ሰዓት ናቸው፤ በ64 ኪሎቢት 5.2 ጊጋባይት ይሆናሉ። ድምሩ 15.7 ጊጋባይት ነው። 16 ይበቃል ብዬ ልቸኩል ነበር፤ ነገር ግን የሚተርፈው በጣም ጥቂት እንደሆነና የማጫወቻው ፕሮግራምም ድርሻ እንዳለው ትዝ አለኝ። ደሴ የምሄደው በዓመት ሁለት ጊዜ ስለሆነም ለአዲስ የሚሆን ቦታ ያስፈልጋቸዋል።

ስለዚህ ባለ 32 ጊጋባይት ካርድ የሚቀበል፣ አምስት ቁልፍ ያለው ማጫወቻ ገዛሁ፤ ካርዱን ሌሊቱን ሙሉ ሞልቼ ፈትሼዋለሁ፤ ደህና ነው። በተረፈው ገንዘብ ለዌቮቹ የሚሆን ሃርድ ዲስክ ጨመርኩ። የአማርኛ ስም ሞክሬበት እንደተባለው ሳጥን ብቻ ነው ያወጣው፤ ስለዚህ ፎልደሮቹን 01 ብዬ በላቲን እየጻፍኩ፣ ተመሳሳዩን ቁጥር ደግሞ ካሴቶቹ ጀርባ ላይ ለጥፌአለሁ፤ አባቴ ካርቶኑን ከፍተው የሚፈልጉትን ካሴት አንሥተው ቁጥሩን አይተው ማጫወቻው ላይ ያገኙታል። ትናንት የመጀመሪያዎቹን 31 ጭኜ ላክሁላቸው። ዛሬ ጠዋት ደውለው የ07 ሁለተኛ ገጽ ከመጀመሪያው ገጽ በፊት እንደሚጫወት ነገሩኝ፤ እውነታቸውን ነው፤ ስሙን ስጽፍ ቀይሬው ኖሯል። በሚቀጥለው ጉዞዬ አስተካክለዋለሁ።

ባለ_ቴፑ፦

መልካም አደረጉ። የቀሩትን 109 ሲገለብጡ በየአሥር ካሴቱ የቴፑን ራስ በንጹሕ አልኮል በነካ ጥጥ ይጥረጉት፤ ድምፁ እየደበዘዘ ከመጣ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ካሴቱ ሳይሆን ራሱ ላይ የተጠራቀመው ቡናማ ዱቄት ነው።